የኮሌጅ በር በፊደል ክፍል ስለ መከፈቱ

የሐረሪ ክልል ከተከፈለባቸው ዘጠኝ ወረዳዎች አንዱ አቦከር ይባላል። ከአቦከር ተነሥቶ የድሬዳዋን መንገድ የያዘ ሰው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል፤ በመኪና ቢሄድ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ዳሩ ግን ዛሬ በአቦከር ፊደል መቍጠር የጀመረ ልጅ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ በተማሪነት ለመግባት ቢያስብ መንገዱ አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከጀመሩትም መካከል የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ምሳሌ እዚህ ላይ ይፈጸማል።

ልጁ በመንገድ የሚቀርበት ምክንያት ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚያመለክተው የመጨረሻውን ዓመት ነው። ፈተናው ከበደ ይላል፤ ወይም ልጁ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳያጠና ቀረ ይላል። ስለ ትምህርት የተደረጉት ጥናቶች ግን ሌላ ስፍራ ያሳያሉ። ልጅ ወደ ኮሌጅ የሚደርስበት መሠረት የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት፤ ይኸውም አንብቦ መረዳትን በሚማርበት ጊዜ ነው። ያንን መሠረት የሚጥለው በፊደል ክፍል የቆመው መምህር ነው፤ መምህሩንም የሚያጸኑት ርእሰ መምህሩና የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ነገር ከሐረርና ከመላው ኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ እየጠቀሰ ያስረዳል። ዓመታቱም ሌላ ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ጥንቱ ትምህርት

ሐረር ትምህርት አዲስ የሆነባት ከተማ አይደለችም። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት የጁገል ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶች ተቈጥረዋል፤ በመስጊዱና በየመምህሩ ቤት ልጆች ሉህ ይዘው ቁርኣን ሲቀሩ ኖረዋል። የሐረሪ ሰዎችም የገዛ ቋንቋቸውን በዐረብ ፊደል ይጽፉ ነበር። በክርስቲያኑም ወገን ልጅ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ከፊደል ይጀምራል፤ አቡጊዳን አልፎ ወደ ንባብ ይገባል፤ በመጨረሻም ዳዊትን ይደግማል።

ሁለቱ ትምህርቶች በሃይማኖት ቢለዩም በአሠራር የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። በሁለቱም ዘንድ መምህሩ ልጁን ለብቻው አቅርቦ ያስነብበዋል። ልጁ የዛሬውን ሳያውቅ የነገው አይሰጠውም። ቀደም ብሎ ያወቀውም ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል። በዚህ ምክንያት መምህሩ ከሠላሳና ከአርባ ልጆች መካከል የትኛው ልጅ በየትኛው ፊደል ላይ እንደ ቆመ ያውቅ ነበር።

ይህ ሲባል የጥንቱ አሠራር ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። በቃል መያዝ ይበዛበታል፤ በትርም ይበዛበታል፤ ሴቶች ልጆች በብዙ ስፍራ ይቀሩ ነበር፤ ልጁ የሚያነበውንም ቋንቋ ሳይረዳው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ነገር ግን ልጅን አንድ በአንድ መርምሮ ማሳለፍ የሚባለው መልካም ልማድ በዚያ ነበረ፤ ከታች እንደሚታየውም የዛሬው ጥናት የሚመክረው ወደዚሁ ልማድ መመለስን ነው።

ስለ ዘመናዊ ትምህርትና ስለ መምህራን ማሠልጠን

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ተማሪ ቤት ሲያስከፍቱ መምህራኑን ያስመጡት ከግብፅ ነበር። በአገሩ ውስጥ በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነ መምህር እንደ ልብ አይገኝም ነበርና። በሐረር ግን ራስ መኰንን ልጃቸውን ተፈሪን ፈረንሳይኛ እንዲያስተምሯቸው አባ ሳሙኤል ለሚባሉ ኢትዮጵያዊ መምህር ሰጧቸው፤ እኒህም ሰው ከካፑቺን ሚሲዮን የተማሩ ነበሩ። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ሞቱ። ከዚያ አደጋ የተረፉት ተማሪያቸው አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን፤ በ1917 ዓ.ም.፤ በአዲስ አበባ የተፈሪ መኰንንን ተማሪ ቤት ከፈቱ፤ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ። አንድ መምህር ለአንድ ልጅ ያደረገው ነገር ከመምህሩ ዕድሜ አልፎ ለብዙ ሺህ ልጆች ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ተማሪ ቤቶቹ ተዘጉ፤ ከተማሩትም ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ከሕንፃው ይልቅ የቸገረው መምህር ነበር። ስለዚህ በ1936 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ማሠልጠን ተጀመረ፤ በ1940ዎቹም ይኸው ማሠልጠኛ ወደ ሐረር ተዛወረ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶች በሐረር ሠልጥነው ወደ አገሩ ሁሉ ሄዱ።

በዚያው ዘመን ከፍተኛ ትምህርት ወደ ሐረር ቀረበ። በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት የኦክላሆማ ኮሌጅ ሰዎች እየረዱ የእርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም ተቈረጠ። በመጀመሪያ ጂማ ላይ ተጀምሮ በ1949 ዓ.ም. በዓለማያ ማስተማር ያዘ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። አባ ሳሙኤል የሞቱበት ሐይቅ ከዚያው አጠገብ ነው።

እንግዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመንገዱ ሁለት ጫፎች በሐረር አካባቢ ተገኙ። በአንዱ ጫፍ ለፊደል ክፍል መምህር የሚያወጣ ቤት ነበረ፤ በሌላው ጫፍ ኮሌጅ ቆመ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ታዘዘ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት አገለገሉ። ቢሆንም በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የአሥራ ሁለት ዓመት መንገድ ለብዙው ልጅ ገና አልቀናም ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ስለ ተደረገው ጥናት

ተማሪ ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ ወጪውም በዛ። ሆኖም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከመቶ አሥር አይሞላም ነበር፤ ያሉትም ተማሪ ቤቶች በብዛት በከተማ ነበሩ። መንግሥት ይህን አይቶ በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያንና የውጭ አገር ዐዋቂዎችን ሰብስቦ የትምህርቱን ሥራ ከሥር እስከ ጫፍ አስጠና። ይህም ጥናት በሕዝቡ ዘንድ «ሴክተር ሪቪው» በሚለው ስሙ ይታወቃል።

ጥናቱ ያቀረበው ዐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። አራት ዓመት የሚፈጅ የመጀመሪያ ትምህርት ለልጆች ሁሉ እንዲዳረስ፤ ትምህርቱም ከገጠሩ ሕዝብ ኑሮና ሥራ ጋር እንዲስማማ፤ ዕድሜያቸው ላለፈባቸውም የሚማሩበት እንዲበጅላቸው፤ ገንዘቡ ለዚህ ሁሉ እንዲበቃም የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ መስፋፋት ጥቂት እንዲገታ የሚል ነበር። ለተረሳው ለገጠሩ ልጅ ማሰቡ መልካም ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

ጉድለቱ የተገኘው በአሠራሩ ላይ ነው። ጥናቱ ተፈጽሞ ሳለ ለሕዝብ ሳይገለጥ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። መምህራን የገዛ ሥራቸውን የሚለውጠውን ዕቅድ የሰሙት ከወሬ ነበር፤ ስለዚህ ደመወዛቸው እንዳይጐዳ፤ ሥራውም ከአቅም በላይ እንዳይጫንባቸው ሠጉ። ወላጆችም የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይወጣ ሊደረግ ነው ብለው ተቀየሙ። በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን በመላው አገር ሥራ አቆሙ። ወዲያውም ዕቅዱ ታገደ፤ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘውዳዊው መንግሥት ወረደና ዕቅዱ ሳይሠራበት ቀረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥናት በሊቃውንት ጉባኤ ሊጠና ይችላል፤ የሚሠራበት ግን በክፍል ውስጥ ነው። በክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ያልተመከረበት፤ ልጁን የላከው ወላጅ ያልተረዳው ዕቅድ ዐሳቡ ምንም ያህል ቅን ቢሆን አይጸናም። ስለዚህ የመንደር መምህርና ሽማግሌ ስለ ትምህርት ጥናት ማወቅ የማያስፈልጋቸው መስሎ የሚታየው ሰው ተሳስቷል፤ ጥናቱን ወደ ሥራ የሚለውጡት እነርሱ ናቸውና።

በ2002 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የንባብ ምርመራ

በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በዚህም ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተወሰነ፤ በሐረሪም ክልል ሐረሪ፤ ኦሮምኛና አማርኛ ማስተማሪያ ሆኑ። በዚያን ጊዜ በአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት የተገኙት ልጆች ሊገኙ ከሚገባቸው ሲሶ አይሞሉም ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ግን ቍጥራቸው ወደ ሃያ ሚሊዮን ደረሰ። ይህ በየትም አገር ቢነገር የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ሁሉ ተምሯልን? የሚለው ጥያቄ ግን ቀረ። ይህን ለማወቅ በ2002 ዓ.ም. በ338 ተማሪ ቤቶች ከ13 ሺህ በላይ የሆኑ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች በንባብ ተመረመሩ። ምርመራው የተደረገው በስድስት ቋንቋዎች ነበር፤ ከስድስቱም አንዱ የሐረሪ ቋንቋ ነበር፤ የሐረር ልጆችም በውስጡ አሉበት ማለት ነው። የተገኘውም ውጤት የሚያሳዝን ሆነ። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ ከተሰጣቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ተማሪ ቤት ያልገቡ አይደሉም፤ ሁለት ዓመት ያህል በክፍል የተቀመጡ ናቸው።

የዚህ ነገር ምክንያቱ ብዙ ነው። በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ልጆች ይበዛሉ፤ መጽሐፍ አይዳረስም፤ የመምህሩም ኑሮ የተቸገረ ነው። ከዚህም ሌላ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ በተደረገበት ዘመን፤ ልጁን በየጊዜው እየመረመሩ ማስተካከል የሚለው ግማሹ ትእዛዝ በብዙ ስፍራ ሳይፈጸም ማሳለፉ ብቻ ተፈጸመ። የጥንቱ ሰው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና

በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የፈጸሙ ልጆች ፈተናቸውን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተገኝተው ተፈተኑ፤ ይህም የተደረገው ከዚያ በፊት የነበረውን የፈተና መሰረቅና መኰራረጅ ለማስቀረት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያበቃው ውጤት ከመቶ 50 እንዲሆን ተወሰነ። ይህን ያገኙት ከመቶ ተፈታኞች 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ሆነ። ቍጥሩ እየተሻሻለ ነው፤ ሆኖም በ2017ቱ ሒሳብ እንኳ ከመቶ ልጆች ከዘጠና አንድ በላይ የሚሆኑት ከበሩ ተመልሰዋል። ከነዚህም ጥቂቶቹ ሪሚዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንደ ገና ሞክረው ገብተዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ ዓመታቱን ያስተያይ። በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የፈጸመ ልጅ ክፍል ሳይደግም ከመጣ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። የንባብ ምርመራው የተደረገው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ሁለተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ማንበብ እንዳልቻሉ ጥናቱ በተናገረ በዓመቱ፤ እነዚያ በኋላ በፈተናው የወደቁት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በፊደል ክፍል ደጅ ቆመው ነበር። ማስጠንቀቂያው በጊዜው መጥቶ ነበር ማለት ነው።

በመካከሉ ወረርሽኝና ጦርነት እንደ ነበረ፤ ፈተናውም ከቀድሞው እንደ ጠበቀ አይዘነጋም። ነገር ግን በሁለተኛ ክፍል ቃል ማንበብ ያቃተው ልጅ በአራተኛ ክፍል የሒሳቡን ጥያቄ አንብቦ አይረዳም፤ በስምንተኛ ክፍል ከመጽሐፍ ራሱን አያስተምርም፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆንበት ደግሞ ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። ከዚያ ወዲያ የሚሰጠው የወራት ጥናት የአሥር ዓመቱን ጐዶሎ ሊሞላ አይችልም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን እስከ ስድስተኛ ክፍል አድርጎ በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዲኖር ማድረጉ ጐዶሎውን ቀደም ብሎ ለማየት ይረዳል። ይሁንና ስድስተኛም ክፍል ቢሆን ለንባብ የዘገየ ነው፤ የንባብ መመርመሪያው ጊዜ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነው።

ስለ ሶብራል ከተማ

ይህ ነገር ሊስተካከል እንደሚችል ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ አለ። በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ድኻ በሚባለው አውራጃ ሶብራል የምትባል ከተማ አለች። ሕዝቧ ሁለት መቶ ሺህ ያህል ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ 183 ሺህ ሕዝብ ከነበረው ከሐረሪ ክልል እጅግ የማይበልጥ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2001 ገደማ የከተማይቱ ሹማምንት ልጆቹን ቢያስመረምሩ ሁለት ዓመት ከተማሩት ግማሽ ያህሉ ማንበብ የማይችሉ ሆነው ተገኙ።

ሹማምንቱ ከብዙ ሥራ ይልቅ አንድ ሥራ ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጅ ሁሉ ማንበብ እንዲችል ዓላማ አደረጉ። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ልጁ ሁሉ ከሌላ ስፍራ በመጣ መርማሪ ፊት እንዲያነብ አደረጉ። ርእሰ መምህራን በዝምድናና በወገን መሾማቸውን አስቀርተው በፈተናና በችሎታ እንዲመረጡ ደነገጉ። መምህራንንም በየወሩ ሰብስበው በሚቀጥለው ወር የሚያስተምሩትን ትምህርት በተግባር አሠለጠኗቸው። ከአሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ሶብራል ከአምስት ሺህ በላይ ከሚሆኑት የብራዚል ከተሞች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቀዳሚ ሆነች። ሥራው ፈጣን አልነበረም፤ ነገር ግን በየዓመቱ የማይለወጥ ነበር።

መምህር ሊያደርገው ስለሚገባ

በ2002 ዓ.ም. የተደረገው ዓይነት ምርመራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ወረቀትና አንድ ሰዓት ካለ በማንኛውም የመንደር ተማሪ ቤት ሊደረግ ይችላል። አሠራሩም እንዲህ ነው። መምህሩ በወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ ተራቸው የተዘበራረቀ ፊደላትን፤ ቀጥሎ ልጁ በቤቱ የሚሰማቸውን ቃላት፤ በመጨረሻም አጭር ታሪክ ይጽፋል። ልጁን ለብቻው ጠርቶ ያስነብበዋል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንቱን በትክክል እንዳነበበ ይቈጥራል። ከዚያም ስለ ታሪኩ አምስት ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ማንበብ ያለ መረዳት ከንቱ ነውና። ውጤቱን በልጁ ስም አንጻር በደብተር ይጽፋል። ስድሳ ልጆች ቢኖሩ በቀን ስድስት ልጅ እየተመረመረ በሁለት ሳምንት ይፈጸማል።

መምህሩ ደብተሩን ሲመለከት ልጆቹ በሦስት ይከፈሉለታል። ፊደሉን ያልለዩ አሉ፤ ፊደሉን ለይተው ቃል መግጠም ያቃታቸው አሉ፤ አንብበው ነገሩን ያልተረዱ አሉ። ለሦስቱ አንድ ዓይነት ትምህርት መስጠት ለሦስት በሽታ አንድ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ በየክፍላቸው ቢያስተምራቸው፤ የቀደሙትንም ልጆች እንደ ጥንቱ ጀማሪዎቹን እንዲያስቀጽሉ ቢያደርግ ለውጡን ከመንፈቅ በፊት ያየዋል።

መምህር ራሱ መማሩን ማቆም እንደሌለበትም የታወቀ ነው። መምህራን በየዓመቱ 60 ሰዓት ያህል ለሙያቸው መሻሻል እንዲያውሉ ተደንግጓል። ይህ ሰዓት ለወረቀት መሙያ ብቻ ከዋለ ጥቅም የለውም። ሁለት መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ገብቶ ቢመለከት፤ ከትምህርትም በኋላ ያየውን በትሕትና ቢነግረው፤ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይማማራሉ።

ስለ ርእሰ መምህር

ኬኔት ሌይትዉድ የተባሉ የካናዳ ሊቅ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ባወጡት ጥናት፤ በተማሪ ቤት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ለልጆች መማር ከክፍል ትምህርቱ ቀጥሎ የሚበልጠው የመሪው አመራር መሆኑን አስረድተዋል። ከሕንፃውና ከዕቃው ይልቅ ማለት ነው።

ርእሰ መምህር በደብዳቤና በሪፖርት ተጠምዶ ከቢሮው የማይወጣ ከሆነ መምህሩ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ በቀን አንድ ክፍል ገብቶ መመልከት፤ የተመረመሩትን ልጆች ደብተር በየወሩ ማየት፤ ከሁሉም በላይ እጅግ የበረታውን መምህር ለአንደኛ ክፍል መስጠት ይገባዋል። በብዙ ስፍራ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የበረታው መምህር ለፈተና ክፍል ይሰጣል፤ አዲሱና ያልለመደው ወደ ፊደል ክፍል ይላካል። መሠረት ለጀማሪ፤ ጣራ ለሊቅ ተሰጥቶ ቤት ሲጸና አልታየም።

ስለ ሽማግሌዎችና ስለ ወላጆች

የአማርኛ ፊደል 33 ሲሆን እያንዳንዱ በሰባት ድምፅ ስለሚለወጥ ልጅ 231 ምልክት ማወቅ ይገባዋል። መምህሩ በቀን አምስት ቢያስተምር ይህ 47 የትምህርት ቀን ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ አንድ ሳምንት የቀረ ልጅ 25 ምልክት ያመልጠዋል፤ ሲመለስም ከፊቱ የተጻፈው ነገር ባዕድ ይሆንበታል። በላቲን ፊደል በሚጻፈው በኦሮምኛም ምልክቶቹ ቢያንሱ ነገሩ ያው ነው።

በሐረር ዙሪያ፤ በሶፊ፤ በኤረርና በድሬ ጥያራ ገጠር፤ ተማሪ ቤት የሚከፈትበት የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ማሽላ የሚያሸትበት ነው። ያን ጊዜ ልጆች ወፍ ሊጠብቁ ወደ እርሻ ይወርዳሉ። በከተማውም በአቦከር ልጅ ወደ ገበያ ይላካል፤ ሴት ልጅም ለቤት ሥራ ትቀራለች። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ ችግር ይዞት ነው፤ ያ ሳምንት ከኮሌጅ በር ጋር እንደሚገናኝም አልተነገረውም።

ይህን ለመንገርና መፍትሔ ለመፈለግ የተሻለ ሥልጣን ያለው ሽማግሌ ነው። ጎረቤቶች ወፉን በተራ እንዲጠብቁ ማድረግ በጅጌና በደቦ ለኖረ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። በቀበሌው የትምህርት ቦርድና በወላጅና መምህር ኅብረት የተቀመጠ ሽማግሌም ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ከመነጋገር አልፎ «ከአንደኛ ክፍል ልጆች ስንቱ አነበበ? ስንቱ ቀረ? የቀሩትስ የእነማን ልጆች ናቸው?» ብሎ ይጠይቅ። መምህሩም ሲቸገር ችግሩን ወደ ወረዳው የሚያደርስለት ይሁን፤ የተራበና የተናቀ መምህር ልጅ ሊያቀና አይችልምና።

ሕዝብ ሲነሣ ምን ሊደረግ እንደሚችል ሽማግሌዎች ራሳቸው ያውቃሉ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ብዙ ሚሊዮን ሰው ፊደል ቈጥሯል፤ በዛፍ ጥላና በቀበሌ አዳራሽ፤ የተማረው ያልተማረውን እያስተማረ ነበር። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት አረጋውያን መካከል በዚያ ዘመን ያነበቡ ይኖራሉ።

በየዓመቱ በመስከረም ወር አዲስ ልጆች ወደ አንደኛ ክፍል ይገባሉ። የእነዚያ ልጆች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ገና አሥራ ሁለት ዓመት ይቀረዋል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም፤ ዝግጅቱ የሚጀመረው ልጁ በመምህሩ ፊት ቆሞ የመጀመሪያይቱን ቃል ሲያነብ ነው። እንግዲህ መምህር ልጆቹን በስማቸው ጠርቶ ያስነብብ፤ ርእሰ መምህር ከክፍሉ ደጅ አይታጣ፤ ሽማግሌም የቀረውን ልጅ ከእርሻው ይመልስ። ይህ በአቦከርና በየገጠሩ ቢፈጸም ከአቦከር እስከ ሐረማያ ያለው ሃያ ኪሎ ሜትር ለድኻውም ልጅ አጭር መንገድ ይሆናል።